የምግብ ደህንነት ስልጠናውን ወስደናል፤ በርበሬያችንን የተሻለ ገበያ የሚያስገባው ግን ምኑ ነው?

የማረቆ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ማረቆ ውስጥ ያለ የገበሬዎች ሕብረት ሥራ ማህበር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን በርበሬ አምራቾች ናቸው። አብዛኛው ሰው ያለው መሬት ግማሽ ሄክታር ቢሞላ ነው፣ ከዚያችው ላይ በቆሎውንም ጤፉንም ያወጣል። በቅርቡ አንድ ድርጅት መጥቶ የምግብ ደህንነት ስልጠና ሰጠን። ማህተም ያለበት ሰርተፍኬትም አለን።

ስልጠናው መጥፎ ነበር አልልም። ግን ግማሹ ስለ ፋብሪካ ነው። ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ፀጉራቸውን የሸፈኑ ሰዎች ፎቶ፣ ሃሳፕ የሚሉት የምግብ አደጋ መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ፣ የእጅ መታጠቢያ በየበሩ። እኛ በርበሬ የምናሰጣው ደጃፍ ላይ ነው፣ ዶሮው ከላዩ ይመላለስበታል። አንድ አባታችን "ይሄ የምታሳዩን ቤት የኔ ቤት አይደለም" ብለው ተነሥተው ወጡ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ሁለት ገዢ ብቅ ብሏል። አንዱ አዲስ አበባ ባልትና አዘጋጅቶ ለሱፐርማርኬት የሚያቀርብ ድርጅት ነው፣ የላብራቶሪ ውጤት አምጡ ይላል። ሌላው የአንድ አባላችን ዘመድ ነው፣ ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ አለው፣ "ዝም ብላችሁ ላኩልኝ፣ መሸጡን ለኔ ተዉት" ይላል። የማህበሩ ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ናት። ላብራቶሪ እናስመርምርባት? ሸራ እንግዛባት? ወይስ ግሎባል ጋፕ የሚባለውን የጥሩ እርሻ አሠራር ሰርተፍኬት እንሞክር? ለሦስቱም አትበቃም።

ሌላው የውሃው ነገር ነው። በኛ አካባቢ ዛላው ከደረቀ በኋላ ስለሚሰባበር ማዳበሪያ ውስጥ ሳይከተት ውሃ ይርከፈከፍበታል። ሚዛንም ያነሣል፣ ምን ይደበቃል። አሰልጣኙ "ይሄን ተዉ" ብሎ አለፈው። ለምን እንደሆነ፣ በምን እንደምንተካው አልነገረንም።

የሠራበት ሰው ይንገረኝ። ቲዎሪውስ ሰርተፍኬቱ ላይ አለ።

ታዛቢው

ወንድሜ ልብህን አታድርቅ። ስልጠና ማለት አበል ነው። ይመጣሉ፣ ባነር ይሰቅላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሻይ በብስኩት ይታደላል፣ ሪፖርቱ ላይ ይህን ያህል ገበሬ ሰለጠነ ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ድርጅት መጥቶ ያንኑ ገበሬ ያንኑ ነገር ያሰለጥነዋል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በንጹህ ቦታ ያደረቀውን በርበሬ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ደላላው ስንት ይጨምርለታል? ሰባራ ሳንቲም አይጨምርለትም። የሱን፣ ውሃ የጠጣውን፣ የሻገተውን አንድ ላይ ከምሮ አይሱዙ ላይ ይጭነዋል። እንዲያውም ደረቁን ያመጣው ሰው ነው የሚከስረው፣ ሚዛን ላይ የሚከብደው እርጥቡ ስለሆነ። ታዲያ በየትኛው ሂሳብ ነው ሰው ውሃ ማርከፍከፉን የሚተወው? መጀመሪያ ዋጋውን ያሳዩት፣ ሌላውን እሱ ራሱ ፈልጎ ይማረዋል።

ናሙና

ታዛቢው የዋጋው ነገር ላይ ልክ ነህ። ስልጠና ሁሉ አበል ነው የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። ሰው አንድን ነገር ለምን እንደሚተው ካላወቀ ዋጋ ቢጨመርለትም ሌላ መንገድ ፈልጎ ያጭበረብራል።

የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከውሃው ልጀምር፣ የናንተ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለውን ስልጠናው ላይ ሰምታችኋል ብዬ እገምታለሁ። አስፐርጂለስ የሚባል የሻጋታ ዘር የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበት ላይ ነው የሚሠራው፣ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሻጋታው የሚፈልገው እርጥበትና ሙቀት ብቻ ነው። የደረቀ ዛላ ላይ ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደርድራችሁ ሁለት ወር ስታቆዩት የሚፈልገውን ሁሉ አሟልታችሁለታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። መልሳችሁ ፀሐይ ላይ ብታሰጡት ሻጋታው ይሞት ይሆናል፣ መርዙ ግን እዚያው ነው። ቢቆላም፣ ቢፈጭም፣ ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ ቢውልም አይጠፋም። አይሸትም፣ ጣዕም የለውም። የሻገተውን ለቅሞ ማውጣት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም።

መጠኑን ልንገራችሁ፣ ሰው ሲሰማው ይገርመዋል። የአውሮፓ ህብረት ለደረቅ በርበሬ የሚፈቅደው ቢ1 የሚባለውን አይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ ማለት 10 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 5 ሚሊግራም ቢ1 ብቻ። አንድ የፓራሲታሞል ኪኒን 500 ሚሊግራም ነው። የሱን አንድ መቶኛ 10 ኩንታል ውስጥ በትኑት፣ ወሰኑ ማለት እሱ ነው። በዚሁ ምክንያት የኢትዮጵያ በርበሬና ቅመም ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ የህብረቱ ደንብ 2019/1793 ይባላል፣ ሰሊጣችንም በሳልሞኔላ ምክንያት እዚያው ተጽፏል። ዝርዝሩ በየ6 ወሩ ስለሚከለስ ወደዚያ መላክ ያሰበ ሰው የዕለቱን ይመልከት።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ። መጀመሪያ ላብራቶሪ ላይ አታውጡት። እኔ ከዚያ ደሞዝ እየበላሁ ነው ይህን የምላችሁ። መርዙ በርበሬው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ንጹህ ሆኖ ጥጉ ላይ ያሉ ጥቂት ዛላዎች ብቻ ይዘውት ሊገኙ ይችላሉ። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ብታመጡልኝ መርምሬ "አልተገኘበትም" ብዬ እጽፍላችኋለሁ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ስለዚያች እፍኝ ብቻ ነው። ናሙና ሲወሰድ ከየማዳበሪያው ከላይም ከመሃልም ከታችም ትንሽ ትንሽ ተወስዶ፣ አንድ ላይ ተቀላቅሎና ተፈጭቶ መሆን አለበት። ደግሞ የሁሉም አባል በርበሬ አንድ ክምር ሆኖ ምርመራው ላይ ቢወድቅ ያጠፋው ማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ የየሰዉን በርበሬ ለይቶ ማስቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ምርመራ።

ምክንያቱን ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ልመዱ። የአዲስ አበባ ወተት ጉዳይ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከ110 የወተት ናሙና ውስጥ የአውሮፓን የአፍላቶክሲን ወሰን ያላለፈው 9 ብቻ መሆኑን አሳየ። ላሟም አላቢዋም ምንም አላጠፉም። ላሟ የበላችው የኑግ ፋጉሎ ሻግቶ ነው።

ግሎባል ጋፕን ገዢ ካልጠየቃችሁ አትንኩት። ገበሬዎች በቡድን ሊወስዱት ይችላሉ፣ ግን በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየዓመቱም ያስከፍላል።

የጉለሌዋ ባልትና

ልጄ፣ እኔ በርበሬ ገዢ ነኝ፣ ከገዢ በኩል ያለውን ልንገርህ። አንተ የጠቀስከውን ድርጅት አላውቀውም።

ዛላውን አንሥቼ ጆሮዬ ስር አንቀጠቅጠዋለሁ። ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ከዚያ በጥፍሬ እሰነጥቀዋለሁ። ውጪው ቀይ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ውስጡ ግን ፍሬው የተያያዘበት ቦታ ላይ አመድ የመሰለ ነገር የያዘ አለ፣ ግራጫ፣ ሲነካ የሚበንን። እንዲህ ያለ ካየሁ የዚያን ሰው ማዳበሪያ በሙሉ አልፈልገውም። ቀጥሎ እጄን እስከ ክርኔ ማዳበሪያው ውስጥ ከትቼ መሃሉን እዳስሳለሁ። መሃሉ ከወበቀ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ከላይ ያለውማ ምን ጊዜም ያማረ ነው፣ ማን ሞኝ አለ።

አሁን እኔም ልጠይቅህ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት እነማን ናቸው? ወንዶቹ አይደሉም? በርበሬውን ማን ነው የሚለቅመው፣ ማን ነው የሚያሰጣው፣ ዝናብ ሲያስገመግም ሮጦ የሚሰበስበው፣ የነጣውን ከቀዩ የሚለየው? ሴቶቹና ልጆቹ ናቸው። አባወራው ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሚስቱ እንደ ድሮዋ መሬት ላይ ታሰጣለች፣ የነገራት የለማ። ስልጠናውን ድገሙት፣ አዳራሹን ተዉትና አንዷ ቤት ደጃፍ ላይ አድርጉት፣ በርበሬው በሚደርስበት በጥቅምትና በህዳር፣ ዕቃው እጃቸው ላይ እያለ። ያ የተቆጡት ሽማግሌም ያኔ ይቀመጣሉ።

ሌላው፣ በእበት የተለቀለቀ አውድማ ላይ በርበሬ አይሰጣም። ለጤፍ የለመድነው ነው፣ አፈር እንዳይገባ። በርበሬ ግን ታጥቦ አይፈጭም፣ እንዳለ ነው ወፍጮ ቤት የሚገባው። የዶሮውም ነገር ያው ነው። ሸራ ግዙ፣ ከቻላችሁ ደግሞ ቡና አምራቾቹ እንደሚሠሩት ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ሥሩ፣ አየር ከስሩ ሲገባ ቶሎ ይደርቃል። ማታ ማታ ይሸፈን፣ ጤዛ አይምታው።

ማዳበሪያ የምንለው ከረጢትም አዲስ ይሁን። እውነተኛ ዩሪያ የነበረበትን አራግፎ በርበሬ የሚሞላ አለ። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይና የነቀዝ ክኒን ያለበት ክፍል ውስጥም አታስቀምጡት፣ ሽታውን ይስባል፣ እኔ ከሩቁ አውቀዋለሁ።

ታዛቢው ያነሣኸው ዋጋ ትክክል ነው። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ገበሬዎች የሚያመጡት ማዳበሪያ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፣ እኔ ደብተሬ ላይ የማን ቁጥር እንደሆነ አለኝ። ዋጋው የዕለቱ ገበያ ሆኖ በኩንታል ይህን ያህል ጭማሪ ተብሎ ምርቱ ሳይለቀም በፊት ይጻፋል። ውሃ የጠጣ ካገኘሁ ጭማሪው ይቀራል፣ ሁለተኛ ከሆነ ከዚያ ሰው አልገዛም። ደላላ ይህን አያደርግም ምክንያቱም በርበሬው ነገ የሌላ ሰው ነው። እኔ ግን ፈጭቼ ስሜን ለጥፌ ነው የምሸጠው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ከሱቅ ላይ አንሥቶ አስመርምሮ ችግር ቢያገኝ የሚጠራው እኔን ነው።

ከሜሪላንድ

የማረቆ ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ "ዝም ብላችሁ ላኩልኝ" ካለህ ወይ አያውቅም ወይ ደግሞ አደጋውን ለናንተ እየተወላችሁ ነው። እኔ እዚሁ አካባቢ ቅመማ ቅመም አስመጣለሁ።

በሻንጣ ለቤት የሚመጣ በርበሬ ሌላ ነው፣ እናቶቻችን ሁሉ ሲልኩ ኖረዋል። ለንግድ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የምግብ ደህንነት ሕግ አለ። በሱ መሰረት ዕቃው ደህና መሆኑን ማረጋገጥ ያለበት አስመጪው ነው። ከማን እንደገዛ፣ አምራቹ ምን ጥንቃቄ እንደሚያደርግ በጽሁፍ መያዝ አለበት። በጣም ትንሽ አስመጪ ከሆነ አሠራሩ ቀለል ይልለታል፣ ያም ሆኖ ከላኪው የጽሁፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። እርሻው ራሱ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ዘንድ መመዝገብ የለበትም፣ በርበሬውን የሚፈጨው፣ የሚያሽገው ወይም የሚያከማቸው ድርጅት ግን ይመዘገባል፣ አሜሪካ ውስጥ ወኪል ይኖረዋል፣ ምዝገባውንም በየሁለት ዓመቱ ያድሳል። ጭነቱ ከመድረሱ በፊትም ማሳወቂያ ይላካል። ሰውዬህን ስለዚህ ሁሉ ጠይቀው። ከተንተባተበ ተወው።

እዚህ በቅመም በኩል በጣም የሚፈሩት ሳልሞኔላን ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ወደ አሜሪካ የገባውን ቅመም መርምሮ ከጭነቱ 6.6 በመቶው ላይ ሳልሞኔላ አግኝቷል። የኛን አገር ለብቻው አይደለም፣ የሁሉንም ነው። ባክቴሪያው ደረቅ ነገር ላይ አይራባም ግን አይሞትም፣ ወራት ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሚጥሚጣውን ሳያበስለው ጥሬ ሥጋ ላይ ይነሰንሰዋል። የጉለሌዋ ያሉት የዶሮና የእበት ነገር ቀልድ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ምክር። ወደ ውጭ ስታስቡ የተፈጨ ከመላክ ዛላውን እንዳለ መላክ ይሻላል። ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ገዢው አያይም፣ ስለዚህ አያምነውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከህንድ የሄደ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ሱዳን 1 የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም አውሮፓ ላይ ከተገኘ ወዲህ ቀይ ዱቄት ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

እኔ እናንተን ብሆን ሁለት ሦስት ዓመት ለአዲስ አበባው ባልትና እሸጣለሁ። አሜሪካ የትም አይሄድም።

የማረቆ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከአዳራሹ የበለጠ ተማርኩ። የሴቶቹ ነገር እውነት ነው፣ የተሳታፊዎችን ዝርዝር አሁን አውጥቼ አየሁት፣ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ባላቸው የሞተባቸው። ለግብርና ባለሙያዋ ነግሬያታለሁ፣ በርበሬው ሲደርስ መንደር ለመንደር እንዞራለን ብላለች።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ውሃውን ብንተው መሰባበሩን ምን እናደርገዋለን? የደረቀ ዛላ ማዳበሪያ ውስጥ ሲጠቀጠቅና መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ግማሹ ይበተናል። ፍሬው ይረግፋል፣ ኪሎ ይቀንሳል። ሰዉ የሚከራከረኝ በዚህ ነው።

የጉለሌዋ ባልትና

ለኔ ቢሰበር ግድ የለኝም፣ ይቀነጠሳል፣ ይፈጫል። የረገፈውን ፍሬ አብራችሁ አምጡ፣ አብሬ እመዝነዋለሁ። ይሄንንም ውሉ ላይ አስጽፉት፣ የሰበረ ገበሬ ቅጣት እንዳይመስለው። ዛላው ሳይሰበር ይፈለጋል ካላችሁ ግን የኛ ሰዎች ማለዳ ነው ማዳበሪያ ውስጥ የሚከቱት፣ የሌሊቱ አየር ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ ውሃ ሳይነካው።

ናሙና

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማለዳው ላይ አልስማማም። ጤዛ ነክቶት ካለሰለሰው ያው ውሃ ነው፣ በዘዴ ገባ እንጂ። ተሸፍኖ ያደረ ከሆነና ትንሽ ብቻ ከለሰለሰ፣ ታሽጎ ቶሎ የሚጓጓዝና የሚፈጭም ከሆነ እሺ። ሦስት ወር መጋዘን የሚቀመጥ ከሆነ ግን ተሰባብሮ ይቀመጥ። የማረቆ ልጅ፣ ማዳበሪያውን እስከ አፉ አትጠቅጥቁት፣ አንድ በአንድ አቁሙት እንጂ አትከምሩት፣ ከስሩ ርብራብ እንጨት አድርጉለት፣ ከግድግዳውም አርቁት። መሰባበሩ በዚህም ይቀንሳል። ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ካሰባችሁ ደግሞ በደንብ ለደረቀ ብቻ ነው፣ እርጥብ ከከተታችሁበት እዚያው ውስጥ ይበሰብሳል።

የፀረ ተባዩን ነገር ማንም አላነሣውም። አጭር ነው፦ ማሳው ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም እንደሚቆይ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ እሱ ይከበር። ከገበያ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን ምልክት የሌለውን አትግዙ። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ ኬሚካሉ ይቀራል።

ከሜሪላንድ

የሚረጨው ነገር ስምና ቀን ደብተር ላይ ይጻፍ። ከአሁኑ ከጀመራችሁ ሦስት ዓመት ቆይታችሁ ወደ ውጭ ስታስቡ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ደብተር ነው።

የማረቆ ልጅ

እሺ። ገንዘቡ ለሸራ ይውላል፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ እዚያ አቀርበዋለሁ። የላብራቶሪውን ወጪ ገዢው ግማሹን እንዲችል እጠይቀዋለሁ፣ ዋጋውንና የፍሬውንም ነገር ከመለቀሙ በፊት በጽሁፍ።

ታዛቢው

ጭማሪው የተጻፈበትን ውል ስትፈራረሙ ስሙን ሸፍነህ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው። ያኔ ስለ አበሉ ያልኩትን አነሣለሁ።